መሣሪያውን የሸጠው ባለሥልጣን ይጠየቃል?

 

ባለፈው ጁምዓ እዚሁ ሮቤ ከሶላት ወጥተን ጫማ ስናደርግ አንድ ተማሪ ጠየቀኝ። «ኡስታዝ፣ ድሮን ሰው ሲገድል ገዳዩ ቁልፉን የተጫነው ነው። ድሮኑን ከሌላ አገር የሸጠውስ? የሽያጩን ፈቃድ የፈረመው ሚኒስትርስ? እሱ እኮ ማንንም አልነካም።» እዚያው ቆሜ ልመልስለት አልፈለግኩም። ጥያቄው ኪታብ ውስጥም ፍርድ ቤት ውስጥም ብዙ ተብሎበታል፤ በሁለቱም ዘንድ መልሱ አንድ አይደለም።

ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እንጀምር። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ፍላጻ ይዞ በመስጂድ ወይም በገበያ የሚያልፍ ሰው ስለቱን በእጁ እንዲይዝ አዘዋል፤ ማንንም ሙስሊም እንዳያቆስል። ልብ በሉ፣ ሰውየው ሊወጋ አላሰበም። መንገደኛ ነው። ግን የተሳለ ነገር ይዞ ሰው መሃል ገብቷልና የስለቱ ነገር በሱ ላይ ሆነ። «አላሰብኩም» ብሎ ሊገላገል አልቻለም።

ኢማም ቡኻሪም በሽያጭ ኪታባቸው በፊትና ጊዜ መሣሪያ ስለመሸጥ ባብ ከፍተዋል። ሰሓባው ዒምራን ኢብኑ ሑሶይን (ረ.ዐ) በፊትና ጊዜ መሸጡን እንደጠሉ እዚያ ሰፍሯል። ከኛ በፊት የነበሩት ኡለማዎች ይህን እንደ ፖለቲካ አላዩትም፤ የገበያ መስአላ ነው፣ እንደ ስንዴና እንደ ተምር።

አሁን ወደ ኺላፉ እንግባ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነውና። ወይን ፍሬውን ኸምር ለሚጠምቅ ሰው የሚሸጥ ገበሬ ምን ይባላል? ሚንሃጅ የቀራ ደረሳ ሁሉ ይህን ያውቃል። በሻፊዒዮች ዘንድ ሻጩ ገዢው ኸምር እንደሚያደርገው ካወቀ ወይም ጥርጣሬው ወደ እርግጠኝነት ካደላ ሽያጩ ሐራም ነው፤ እንዲሁ ከተጠራጠረ ደግሞ መክሩህ። ኢማም አቡ ሐኒፋ ግን ጭማቂውን መሸጥ ይቻላል ብለዋል፤ ወንጀሉ የጠማቂው ነው፣ ጭማቂውም ሌላ ነገር ሳይሆን ወንጀል አይሆንም። እኚሁ ፍሬውን የፈቀዱት ሐነፊዮች መሣሪያ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። በሂዳያ በፊትና ጊዜ ከፊትና ሰዎች መሆኑ ለታወቀ ሰው መሣሪያ መሸጥ የተጠላ ነው። ለምን? ወይኑ ኸምር ለመሆን መለወጥ አለበት፤ ሰይፉ ግን እንዳለ ይገድላል። ካልታወቀ ችግር የለውም ይላሉ። እንግዲህ ሁለቱም መዝሀቦች የሚገናኙበት ቃል አንድ ነው፦ ማወቅ።

ይህ ስለ ኃጢአቱ ነው። ስለ ቅጣቱስ? ፉቀሃዎቹ አንድ ሰው ሌላውን ይዞለት ሦስተኛው ስለገደለው ጉዳይ ተወያይተዋል። በኢማም ማሊክ ዘንድ የያዘው ሰው ሊገደል መሆኑን እያወቀ ከያዘ ሁለቱም ቂሳስ አለባቸው። በኢማም ሻፊዒ ዘንድ ቂሳሱ በገዳዩ ላይ ነው፣ የያዘው ግን ተዕዚር ይቀጣል። «እጄ ደም አልነካም» ብሎ በነፃ ወደ ቤቱ የሚሄድበት ቀውል አላየሁም።

ከፊቅህ ወደ ዘመናችን ችሎቶች ብንሻገር ይኸው ክርክር ይጠብቀናል፤ የሚገርመኝም ይህ ነው። ቻርልስ ቴይለር የላይቤሪያ ፕሬዚዳንት ነበር። በጎረቤት ሴራሊዮን የሰው እጅ ይቆርጡ ለነበሩ አማፂያን መሣሪያና ጥይት አቀበለ፤ ከዚያ የሚወጣውን አልማዝ ተቀበለ። የሴራሊዮን ልዩ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2012 ጥፋተኛ ብሎ 50 ዓመት ፈረደበት። ገዳይ ነው አላሉትም፤ እያወቀ ረዳ፣ አቀደም ነው ያሉት። ማወቁ በምን ተረጋገጠ? ፕሬዚዳንት ስለነበር የደህንነት አማካሪው በየዕለቱ መረጃ ያቀርብለት ነበር፤ የአማፂያኑ ግፍ ደግሞ በዜናና በሪፖርት በሰፊው ይነገር ነበር። ዳኞቹ ከነሐሴ 1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያውቅ ነበር ብለው ደመደሙ።

ሌላውን ደግሞ ስሙ። ሞምቺሎ ፔሪሺች የዩጎዝላቪያ ጦር ኤታማዦር ሹም ነበር። የእሱ ጦር ለቦስኒያ ሰርቦች መሣሪያም የሰው ኃይልም ይሰጥ ነበር፤ እነሱ ደግሞ በ1995 በስሬብሬኒጻ ከ8,000 በላይ ሙስሊም ወንዶችን ገደሉ። ፔሪሺች መጀመሪያ 27 ዓመት ተፈረደበት። በየካቲት 2013 ይግባኝ ሰሚው ችሎት በነፃ ለቀቀው። እርዳታው ለጦርነቱ በአጠቃላይ እንጂ ወንጀሉን ለማገዝ ተለይቶ የተሰጠ አይደለም ተባለ። ከሰባት ወር በኋላ የቴይለር ይግባኝ ሰሚዎች ይህንን መለኪያ አልተቀበሉትም፤ ማወቁ ይበቃል አሉ። አንዱ ችሎት ኒያ ፈለገ፣ ሌላው ዕውቀት። ከወይን ፍሬው ኺላፍ ብዙም አልራቁም።

ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የተቋቋመበት የሮም ስምምነትም ረዳቱ ወንጀሉን ለማመቻቸት ዓላማ ኖሮት እንዲሆን ይጠይቃል። ይህ ለባለሥልጣን ሰፊ በር ነው፤ «ዓላማዬ ንግድ ነበር» ማለት ይችላልና። ከ2014 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የጦር መሣሪያ ንግድ ስምምነት ደግሞ መሣሪያው በሰላማዊ ሰዎች ላይ ለሚፈጸም ጥቃት እንደሚውል እያወቀ የፈቀደን መንግሥት ይከለክላል። ግን የሚይዘው መንግሥትን ነው፤ የፈረመውን ሰው ወህኒ አያወርድም።

የኛን አገር እንመልከት፣ ተማሪውም ስለ ሩቅ አገር አልጠየቀኝም። ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የገና ዕለት፣ ትግራይ ውስጥ ደደቢት በትምህርት ቤት የተጠለሉ ተፈናቃዮች ላይ ከድሮን ቦምብ ወረደ። ከ50 በላይ ሰላማዊ ሰዎች ሞቱ። ሂዩማን ራይትስ ዎች ጥቃቱ የመንግሥት መሆኑን፣ ስብርባሪውም ቱርክ የተሠራ ቦምብ መሆኑን ገለጸ። አንዳንዶቻችሁ ቱርክ ሲባል ፊታችሁ ይለወጣል፤ አውቃለሁ፣ ኮሜንት ላይም አየዋለሁ። ሻጩ ሙስሊም ስለሆነ፣ የሞተው ክርስቲያን ስለሆነ ሑክሙ አይለወጥም። በሱረቱል ማኢዳ 2ኛው አንቀጽ በኃጢአትና ወሰን በማለፍ እንዳንረዳዳ ስንከለከል፣ እዚያው ላይ የጠላናቸው ሰዎች ጉዳይ ወደ በደል እንዳይገፋን ተነግሮናል።

በደደቢት ጉዳይ ችሎት ፊት የቆመ የውጭ ባለሥልጣን የለም። ድሮም አልነበረም። ባሌ ቆላ ላይ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሲገባ የያዘው የሶቪየት መሣሪያ ነበር፤ ከኅዳር 1970 ጀምሮ ለደርግ በአውሮፕላን የተጫነው፣ ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር የተገመተው መሣሪያም ከዚያው ከሶቪየት ነው። አንድ ፋብሪካ ከሁለቱም ወገን አባቶቻችንን ገደለ። በኋላ የቀይ ሽብር ችሎት መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በ1999 ዓ.ም. በሌለበት ጥፋተኛ አለው። ያዘዙትና የገደሉት ተጠየቁ፤ የጫነላቸውን የጠየቀ አልነበረም።

ይህን ስል መሣሪያ መሸጥ ሁሉ ዙልም ነው ማለቴ አይደለም። በ1927 ዓ.ም. ሐምሌ፣ ጣሊያን ልትወረን ስትዘጋጅ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለታችሁም አንሸጥም አሉ። ጣሊያን የራሷ ፋብሪካ ነበራት፣ እኛ አልነበረንም። ለተበዳይ መከልከልም ይጠየቁበታል።

እንግዲህ ለተማሪው ምን አልኩት? ከደደቢት በፊት የተፈረመውን ወረቀትና ከደደቢት በኋላ የተፈረመውን አንድ ላይ አታስቀምጥ አልኩት። የመጀመሪያው ፈራሚ «አላወቅኩም» ሊል ይችላል፤ እውነት ነው ወይ የሚለው ይመረመራል። ሁለተኛው ግን ስሙን ከማስፈሩ በፊት ዜናው ጠረጴዛው ላይ ደርሷል። ያደረሰው ማን ነው? ስብርባሪውን ፎቶ ያነሳ፣ ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር ያስቀመጠ፣ የሟች ስም ጽፎ የያዘ ሰው ነው። ሴራሊዮን ላይ ቴይለርን የያዘው እንዲህ ያለ ወረቀት ነው። ምስክርነትን መደበቅ በሱረቱል በቀራህ 283ኛው አንቀጽ የተከለከለውም ለዕዳ ውል ብቻ አይመስለኝም። የኛም ወንጀል ሕግ በ37ኛው አንቀጽ ለወንጀል አድራጊ እያወቀ መሣሪያ ያቀረበን ሰው አባሪ ይለዋል፤ ስለዚህ በጭነት መኪና ክላሽ ደብቆ የሚያሻግር የሰፈራችን ልጅም «እኔ ሾፌር ነኝ» ብሎ አያመልጥም።

ተማሪው ግን አልተወኝም። «እሺ ኡስታዝ፣ የመጀመሪያው ፈራሚ አላወቀም እንበል። ማወቅ ሲችል ሳይጠይቅ ቢፈርምስ?» አለኝ። የሚንሃጅ ሸርሖች ስለ ጥርጣሬ ደረጃዎች የሚሉትን ይዤ በሚቀጥለው ጁምዓ ከዚያ እጀምራለሁ፣ ኢንሻአላህ።

ወሏሁ አዕለም።