ሐዲዱን የሰበረው ባቡር

ስለ ባቡር አጀማመር ሲወሳ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠራው የጆርጅ ስቲቨንሰን ስም ነው። ይሁን እንጂ በሐዲድ ላይ ጭነት መጎተቱ በጽሑፍ የተመዘገበለት የመጀመሪያው የእንፋሎት ባቡር የሪቻርድ ትሬቪቲክ ነበር። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1804 በደቡብ ዌልስ ከሚገኘው የፔኒዳረን ብረት ፋብሪካ ተነሥቶ፣ 10 ቶን ብረትና 70 ያህል ሰዎች የጫኑ 5 ፉርጎዎችን እየጎተተ፣ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ በ4 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ፈጸመ። ፍጥነቱ ከእግረኛ አይበልጥም፤ ሆኖም በየመንገዱ ዛፍ ሲቆረጥና ቋጥኝ ሲነሣ የባከነው ጊዜ አብሮ መቆጠሩን አንዘንጋ።

ለመሆኑ ቀደምቶቹ የእንፋሎት ሞተሮች መጓዝ ለምን ተሳናቸው? በጄምስ ዋት ሞተር እንፋሎቱ በተለየ ክፍል ቀዝቅዞ ውሃ ሲሆን ባዶነት ይፈጠራል፤ ፒስተኑን የሚገፋውም በአመዛኙ ከአንድ አትሞስፌር፣ ማለትም ከ100 ኪሎ ፓስካል ገደማ የማይበልጥ የግፊት ልዩነት ነው። በዚህ ግፊት ብርቱ ጉልበት ለማግኘት ሰፊ ሲሊንደር ያስፈልጋል፤ ለማቀዝቀዣውም ብዙ ውሃ። ትሬቪቲክ ማቀዝቀዣውን አስወግዶ ግፊቱን ከፍ አደረገ። የሲሊንደሩ ስፋት 0.035 ካሬ ሜትር ያህል ነበር። እንፋሎቱ ከከባቢ አየር በ300 ኪሎ ፓስካል በልጦ ነበር ብለን ብናሰላ፣ ጉልበቱ 10,500 ኒውተን ይሆናል፤ ይህም ከአንድ ቶን ክብደት ይበልጣል። ያገለገለው እንፋሎትም በጭስ ማውጫው ሲወጣ እሳቱን ያራግብ ነበር።

ከፍተኛ ግፊት ግን አደጋ አለው። ዋት አጥብቆ ይቃወመው ነበር፤ በ1803 ግሪኒች ላይ ከትሬቪቲክ ቦይለሮች አንዱ ፈንድቶ ሰው ገደለ። ከዚያ በኋላ ትሬቪቲክ ውሃው ሲጎድል ቀልጦ እንፋሎቱን የሚያስተነፍስ የእርሳስ ውታፍ ጨመረ።

ማሽኑ ሠራ፤ መንገዱ ግን አልቻለውም። ሐዲዱ ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ከፈሰሰ ብረት የተሠራ ሲሆን ያረፈውም በድንጋዮች ላይ ነበር። ጎማ መካከሉን ሲጫነው የላይኛው ገጽ ይታመቃል፤ የታችኛው ይለጠጣል። እንዲህ ያለው ብረት ለመታመቅ ብርቱ፣ ለመለጠጥ ግን ደካማ ነው፤ ጠመኔ ለማጉበጥ የሞከረ ተማሪ ነገሩን ያውቀዋል። ለፈረስ ጋሪዎች የተዘጋጀው ሐዲድ 5 ቶን ያህል በሚመዝን ባቡር ሥር ተሰባበረ፤ ሥራውም ወደ ፈረሶቹ ተመለሰ።

መፍትሔው በ1820 መጣ። ጆን በርከንሾው፣ ካርቦኑ እጅግ አነስተኛ የሆነና ከመሰበር ይልቅ የሚጎብጥ ብረትን በመዳመጫዎች እየዳመጠ ረጃጅም ሐዲድ ማውጣት ቻለ። ስቲቨንሰን ራሱ ከዊልያም ሎሽ ጋር በ1816 የፈሰሰ ብረት ሐዲድ የፈጠራ መብት ያስመዘገበ ሰው ነበር። ነገር ግን በ1825 ለተከፈተው የስቶክተንና ዳርሊንግተን መሥመር የራሱን ትቶ የበርከንሾውን ሐዲድ እንዲገዙ መከረ። እኛ ከሠራቸው ባቡሮች ይልቅ ይህን ምክሩን እናደንቃለን፤ ከሎሽ ጋር ግን አጣልቶታል።