ማሽኑ ሳይገዛ ኃይሉ ይታወቅ
ለሰበካ ጉባኤ የልማት ክፍሎች የቀረበ ትምህርት

እንደ ፍስሐ ገነት ባለ ከተማ የሚገኝ አጥቢያ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት ለማቋቋም ሲያስብ በቅድሚያ የሚታየው እንጨቱ ነው። በዚህ ረገድ ጌዴኦ የታደለ ምድር ነው፤ እንሰትንና ቡናን ከትልልቅ ዛፎች ጋር አስማምቶ የሚያሳድገው የገበሬው ሥርዓት በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዋንዛ ለበር፣ ለሣጥንና ለአትሮንስ የሚመረጥ እንጨት መሆኑን ደግሞ አናጢ ሁሉ ያውቀዋል። እንጨቱና ባለሙያው ከተገኙ የቀረው ማሽን መግዛት ብቻ ይመስላል። በመካከል የሚዘነጋው ኤሌክትሪኩ ነው። በምእመናን መዋጮ የተገዛ ሞተር ተቃጥሎ ከጥግ እንዳይቀመጥ፣ ሒሳቡን ከግዢ በፊት መሥራት ይገባል።

መነሻችን በሞተሩ ላይ የተለጠፈው የመግለጫ ሰሌዳ ነው። ቮልቱ፣ ኸርዙ፣ አምፔሩና ጉልበቱ በዚያ ተጽፏል። በአገራችን ለመኖሪያ ቤት የሚገባው ባለ አንድ ፌዝ መስመር 220 ቮልት፣ ባለ ሦስት ፌዙ በፌዞቹ መካከል 380 ቮልት ሲሆን ሁለቱም 50 ኸርዝ ናቸው።

ባለ 3 የፈረስ ጉልበት መላጊያ ማሽንን ለምሳሌ እንውሰድ። አንድ የፈረስ ጉልበት 746 ዋት ስለሆነ ሞተሩ የሚሰጠው 2,238 ዋት ነው። የሚወስደው ግን ከዚህ ይበልጣል፤ ከፊሉ በሙቀት ይባክናልና ወደ 2,800 ዋት ይጠጋል። ሞተር ከመስመሩ የሚስበው አምፔር ሁሉ ወደ ሥራ ስለማይለወጥ፣ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይደርሳል ብለን እንገምታለን። ሲነሣ ደግሞ ለጥቂት ቅጽበት ከዚህ አምስት ወይም ስድስት እጥፍ፣ ማለትም 80 አምፔርና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ብዙ ኮሚቴዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የሚያስቡት ለሚዞረው ሞተር እንጂ ለሚነሣው አይደለም።

የሥራ ቤቱ ከቆጣሪው 40 ሜትር ቢርቅና ሽቦው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ቢሆን፣ ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ በመንገድ ላይ 9 ቮልት ያህል ይጠፋል። ይህ ይቻላል። በሚነሣበት ጊዜ ግን ጉድለቱ 45 ቮልት ሊደርስ ይችላል። የሞተር የመነሻ ጉልበት ከቮልቱ በበለጠ ፍጥነት ይወድቃል፤ ቮልቱ በአንድ አምስተኛ ሲቀንስ ጉልበቱ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ማሽኑ እያጉረመረመ ይቆማል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ጥቅልሉ ይቃጠላል። ያው መንገድ በ6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ቢሠራ የመነሻው ጉድለት ከ20 ቮልት በታች ይሆናል። በሽቦ ላይ የሚደረግ ቁጠባ ውሎ አድሮ የሞተር ዋጋ ያስከፍላል።

ባለ ሦስት ፌዝ መስመር ከተገኘ ነገሩ እጅግ ይቀላል። ያው ባለ 3 የፈረስ ጉልበት ሞተር በእያንዳንዱ ፌዝ ከ5 እስከ 6 አምፔር ብቻ ይወስዳል። ቮልቱን ግን በቀትር ብቻ ሳይሆን በማታም ማስለካት ያስፈልጋል፤ በዚያው መስመር ላይ የእህል ወፍጮ ወይም የቡና መፈልፈያ ካለ፣ በተለይ እሸት ቡና በሚገባበት ወቅት ልዩነቱ ይታያል።

በውጭ አገር ያሉ ልጆቻችን ማሽን ሲለግሱም ሰሌዳው አስቀድሞ ይነበብ። ከአሜሪካ የሚመጣው በአብዛኛው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይለውጣል፤ ኸርዙን አይለውጥም። እንዲህ ያለው ሞተር በእኛ መስመር ከፍጥነቱ አንድ ስድስተኛ ያህል ያጣል፣ ከልክ በላይም ይሞቃል። ስጦታው ከመርከብ ከመጫኑ በፊት በደብዳቤ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ብሬከር የሚመረጠው ለሽቦው ነው። ብሬከሩ ደጋግሞ ሲወርድ በትልቅ መተካት፣ ወይም በፊውዝ ቦታ ሽቦ መጠምጠም፣ የእንጨት ብናኝ በሞላበት ቤት እሳት መጥራት ነው። የኤርዝ መስመርም ለእያንዳንዱ ማሽን ይዘርጋ። የመብራቱ መስመር ከማሽኖቹ ይለይ፤ የማሽኑ ብሬከር ሲወርድ ሠራተኛው ገና ከሚዞር መጋዝ ፊት በጨለማ መቅረት የለበትም።

መብራት ሄዶ በሚመለስበት አካባቢ ከሁሉ የከፋው አደጋ ሌላ ነው። በተራ ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠራ መጋዝ ሳይጠፋ ከተረሳ፣ ኃይሉ በተመለሰ ጊዜ በራሱ ይነሣል፤ በዚያች ቅጽበት የወጣቱ እጅ ስለቱን እየጠረገ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ኃይል ሲቋረጥ ራሱን የሚያላቅቅና ቁልፉ እንደገና ካልተጫነ የማይነሣ ማስነሻ፣ ኮንታክተር ያለው፣ በግዢው ዝርዝር ውስጥ በግልጽ ይጻፍ። ማሽኑ ርካሽ ሆኖ ይህ ከሌለው አለመግዛቱን እንመርጣለን።

ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የቆጣሪ ማመልከቻ ሲቀርብ የማሽኖቹ ዝርዝር ከነጉልበታቸው ይያያዝ። አንድ ባለሙያ ብቻ በሚሠራበት ቤት ሁሉንም መደመር አያሻም፤ ትልቁ ማሽን፣ አብሮት የሚዞረው ብናኝ መሳቢያና መብራቱ ይበቃሉ። መልሱ በጽሑፍ እስኪመጣ ድረስ ለሻጩ ቀብድ አይከፈል።