መዝጋቢ መልቲሜትር ሲመረጥ ምን ይታያል?

ሌሊት ሌሊት ሥራ የሚያቆም ማቀዝቀዣን ለመመርመር የተጠራ ባለሙያ ቀን ላይ ሶኬቱን ሲለካ 220 ቮልት ያገኛል፤ «ችግር የለበትም» ብሎም ይመለሳል። በማግስቱ ግን ምግቡም ሆነ በቅዝቃዜ የሚቀመጠው መድኃኒት ተበላሽቶ ይገኛል። ብልሽቱ የሚከሰተው የሚለካ ሰው በሌለበት ሰዓት ነው። የለካውን በራሱ የሚመዘግብ የእጅ ዲጂታል መልቲሜትር የሚያስፈልገው እንዲህ ላለው ችግር ነው።

መሣሪያው ሲመረጥ ስንት ንባብ እንደሚይዝና በየስንት ጊዜው እንደሚመዘግብ አብሮ መታየት አለበት። 10,000 ንባብ የሚይዝ መልቲሜትር በየደቂቃው ቢመዘግብ 7 ቀን ገደማ ያገለግላል፤ በየሴኮንዱ ከሆነ ግን በ2 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ገደማ ይሞላል። በሌላ በኩል፣ በየደቂቃው አንድ ጊዜ ብቻ የሚለካ መሣሪያ ለ2 ሴኮንድ የሚቆይ የቮልቴጅ መውረድ ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ በሁለት ምዝገባዎች መካከል የታየውን ከፍተኛና ዝቅተኛ መጠን ከነሰዓቱ የሚይዝ መሣሪያ ይመረጣል።

ቀጥሎ የሚታየው ትክክለኛነት ነው። ብዙ አሃዝ ማሳየት ብቻውን ትክክለኛነትን አያረጋግጥም። የስህተት ወሰኑ «ከንባቡ 1 በመቶ ሲደመር በመጨረሻው አሃዝ 3» ከሆነ፣ 220.0 የሚል ንባብ እውነተኛ መጠኑ ከ217.5 እስከ 222.5 ቮልት ሊሆን ይችላል። ኃይሉ ከጄኔሬተር ወይም ከኢንቨርተር የሚመጣ ከሆነ ሞገዱ የተዛባ ሊሆን ስለሚችል፣ «ትሩ አር.ኤም.ኤስ» የሆነ መሣሪያ ያስፈልጋል። ተራው መልቲሜትር በትክክል የሚለካው ያልተዛባ ሞገድን ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ደኅንነት ይቀድማል። በመሣሪያው ላይ «ካት» በሚል የሚጻፈው ደረጃ የት መለካት እንደሚቻል ያመለክታል፦ ካት 2 ሶኬት ላይ ለሚሰኩ ዕቃዎች፣ ካት 3 ለሕንፃው የኃይል ማከፋፈያ ሳጥን፣ ካት 4 ለቆጣሪና ከቆጣሪው በፊት ላለው መስመር። የመለኪያ ገመዶቹም ተመሳሳይ ደረጃ ሊኖራቸው ይገባል። መረጃው ወደ ኮምፒውተር የሚተላለፈው በብርሃን ወይም በገመድ አልባ ግንኙነት ቢሆን፣ ከፍተኛው ቮልቴጅ ወደ ኮምፒውተሩና ወደ ተጠቃሚው እንዳይደርስ ይከላከላል። ሌሊቱን ሙሉ ከመስመር ጋር ተገናኝቶ የሚያድር መሣሪያ ልጆች በማይደርሱበት ስፍራ ሊቀመጥ ይገባል።

ከአሜሪካ ገዝቶ ወደ ኢትዮጵያ የሚልክ ሰው በቮልቴጅ ልዩነቱ መስጋት የለበትም፤ በባትሪ የሚሠራ መልቲሜትር የአሜሪካውን 120 ቮልትና 60 ኸርዝም፣ የኢትዮጵያውን 220 ቮልትና 50 ኸርዝም ይለካል። መጠየቅ ያለበት ባትሪው ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ በምዝገባ ላይ እያለ በራሱ የሚጠፋ መሆን አለመሆኑ፣ እንዲሁም መዝገቡ በተራ የሠንጠረዥ ፕሮግራም መከፈት መቻሉ ነው። ኃይሉ በስንት ሰዓት፣ ወደ ስንት ቮልት እንደወረደ የሚያሳይ መዝገብ ከተገኘ፣ ጥገናው በግምት ሳይሆን በማስረጃ ይጀመራል።