በኮባ የተጋገረ ድፎ ዳቦን አይቶና ቀምሶ መለየት

ድፎ ዳቦ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ፣ ከላይም ከታችም እሳት ተደርጎበት የሚጋገር ወፍራም የስንዴ ዳቦ ነው። በጎንደር ከተማና ከዚያ በላይ ባሉት የወገራ፣ የዳባትና የደባርቅ ደጋዎች ለበዓል፣ ለማኅበርና ለዝክር ይቀርባል። የዳቦውን ደረጃ መለየት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የቅጠሉን ሥራ ማወቅ አለበት። ኮባው ሊጡ ምጣዱን እንዳይዝ ይከላከላል፣ እንፋሎቱን አምቆ ቅርፊቱን ያለሰልሳል፣ የራሱን መዓዛ ይሰጣል፤ ሲላጥ ደግሞ እሳቱ እንዴት እንደነበረ ያሳያል። ስለዚህ ምዘናው ጉርሻ ሳይነሣ ገና ከቅጠሉ ይጀምራል።

ኮባ በደቡብ ኢትዮጵያ እንሰት የሚባለው ተክል ነው። እዚያ ቆጮና ቡላ ይሆናል፤ በጎንደር ዙሪያ ዛሬ የሚፈለገው ግን ቅጠሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ፣ ተክሉ በጎንደር በሚገባ እንደሚያድግ፣ ተቀቅሎም እንደሚበላ እ.ኤ.አ. በ1790 በታተመው የጉዞ መጽሐፉ ጽፏል። ቅጠሉ ሰፊ ስለሆነ ሁለት ሦስቱ ተደራርበው አንድ ትልቅ ድፎ ይሸፍናሉ። ከመዘርጋቱ በፊት የመሐል አጥንቱ ተከርክሞ ይወጣል፣ ቅጠሉም እሳት ላይ ለብ እየተደረገ እስኪጠወልግ ይገላበጣል። ሳይጠወልግ የተዘረጋ ቅጠል ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ ሊጡም በስንጥቁ ወጥቶ ምጣዱን ይነካል።

ከመቅመስ በፊት ሦስት ነገር ይጠየቃል፤ ዳቦው ከእሳት የወጣው መቼ ነው? የተጋገረው በምን ማገዶ ነው? ቅቤ ወይም ወተት ገብቶበታል? ቅቤ የገባበት ድፎ ጣዕሙ የከበደ ነው፤ የኮባውን መዓዛ ይጫነዋል። በጾም ወራት የተጋገረው ግን ስንዴው፣ እርሾውና ቅጠሉ ብቻቸውን ስለሚቀሩ ለምዘና የተመቸ ነው። ሁለት ድፎ የሚያወዳድር ሰው ሁለቱም የጾም ወይም ሁለቱም የፍስክ መሆናቸውን ያረጋግጥ።

አብዛኛው ስህተት የሚሠራው ከዚህ ቀጥሎ ባለው እርምጃ ላይ ነው። ይህም መጠበቅ ነው። ትኩስ ድፎ አይመዘንም። ሽታው ቤቱን ሞልቶ፣ ቅጠሉ ገና እየተንጫጫ ሳለ የተቆረሰ ዳቦ ውስጡ እርጥብ፣ ቢላዋ ላይ የሚጣበቅ፣ ሲያኝኩት ሊጥ ሊጥ የሚል ሆኖ ይገኛል። ቆራሹም «ጥሬ ነው» ብሎ ይፈርዳል፤ ብዙ ጊዜ ግን ዳቦው በስሎ ነበር።

ምክንያቱ ስንዴው ውስጥ ያለው ስታርች ነው። ስታርች በሙቀት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይለሰልሳልም፤ ቅርጹን የሚይዘው ሲበርድ ነው። በደጋ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። በባሕር ጠለል ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ጎንደር በ93 ዲግሪ አካባቢ፣ ከ2,800 ሜትር በላይ ባለችው ደባርቅ ደግሞ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የዳቦ ውስጥ እርጥበት እስካለው ድረስ ሙቀቱ ከዚህ አያልፍም። ስለዚህ በደባርቅ የተጋገረ ወፍራም ድፎ መሐሉ እስኪበስል እሳት ላይ ረዘም ያለ ጊዜ መቆየት አለበት። ያን ሁሉ ጊዜ ቂጡ ሳያር እንዲቆይ የሚያደርገው ከሥሩ ያለው እርጥብ ኮባ ነው። ከእሳት ሲወጣም መሐሉ ብዙ እንፋሎት እንደያዘ ነው፤ ያ እንፋሎት ቀስ ብሎ መውጣት አለበት።

ይህ ጽሑፍ በዚህ ነጥብ ላይ የሚያተኩረው ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ የዝክር ዋዜማ ከአንድ ቡሖ ሁለት ድፎ ተጋገረ። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ገና ትኩሱን ከዳር ቆርሶ አየ፤ ጣቱ ላይ ተጣበቀ። «አልበሰለም» ብሎ መልሶ ምጣድ ላይ እንዲጣድ አደረገ። በማግስቱ የዚያ ዳቦ ቅርፊት እንደ ጣውላ ጠንክሮ፣ የተቆረሰበት በኩል ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። ሁለተኛው፣ ማንም ያልነካው፣ ከቅጠሉ ጋር ሰፌድ ላይ ያደረው፣ ሲቆረስ ውስጡ ደረቅ፣ ለስላሳና ነጭ ነበር። ሊጡም እሳቱም አንድ ነው። ዳቦውን ያበላሸው ፍርዱ ነው፤ ዳቦውን የጋገረችው እናትም ሌሊቱን ሙሉ «ሊጡ ምን ነካው?» ስትል አደረች።

ስለዚህ ቢላዋውን ያስቀምጡ። ልጆች ቢያስቸግሩም፣ እንግዳ ቢቸኩልም፣ ሽታው ቢፈትንም ያስቀምጡ። ድፎው ምጣድ ላይ ወይም ጠፍጣፋ ሣህን ላይ አይቆይ፤ ላቡ ከሥሩ ተጠራቅሞ ቂጡን ያረጥበዋል። ከሥሩ አየር በሚያገኝበት ሰፌድ ላይ ከነቅጠሉ አስቀምጠው ንጹሕ ነጠላ ጣል ያድርጉበት። ለትንሽ ድፎ ሦስት ሰዓት ይበቃል። አንድ ክንድ ስፋት ላለው ትልቅ ድፎ የጸሐፊው ምርጫ ማታ አውጥቶ ጠዋት መቁረስ ነው፤ የበዓል ድፎ በዋዜማው የመጋገሩ ልማድም ለምዘና ይመቻል። የግድ ቶሎ ማወቅ ያለበት ሰው ቀጭን ንጹሕ እንጨት መሐሉ ላይ ሰክቶ ያውጣ። እንጨቱ ላብ ብቻ ይዞ ከወጣ ዳቦው በስሏል፤ ሊጥ ይዞ ከወጣ እሳት ይቀረዋል።

ዳቦው ሲበርድ ቅጠሉ ይታያል። ጥሩ እሳት ያገኘ ኮባ ቡናማና ደረቅ ይሆናል፤ አልፎ አልፎ የወይራ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ ይቀርበታል። ሲያዙት እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። ከሥር በኩል ገና አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ የታች እሳቱ ደካማ ነበር። ጠቁሮ የተበሳ ከሆነ እሳቱ በዝቶ ነበር፤ የተበሳበት ቦታ ምልክት ይደረግበትና ኋላ ቅምሻው ከዚያ አይወሰድ። የላዩና የታቹ ቅጠል ቀለም በጣም ከተለያየ ደግሞ ከላይ የተደረገው ፍም ከታቹ እሳት ጋር አልተመጣጠነም።

አላላጡ ከዳር ወደ መሐል ነው፤ ቀስ ተብሎ፣ በቅጠሉ ጅማት አቅጣጫ። መልካም ድፎ ቅጠሉን ያለ ትግል ይለቃል፤ ከሥሩም የኮባው ጅማቶች በቅርፊቱ ላይ ጎን ለጎን እንደ ጥልፍ ታትመው ይታያሉ። መስመሮቹ ቀጭንና ያልተቋረጡ ሲሆኑ ሊጡ በሚገባ ኩፍ ብሎ ቅጠሉን ገፍቶ እንደተጠጋው ያስረዳሉ። መስመር የሌለበት ልሙጥ ቦታ ሊጡና ቅጠሉ ሳይገናኙ በመሐላቸው አየር የቀረበት ነው። ቅጠሉ ቅርፊቱን ይዞ የሚቦጨቅ ከሆነ ሊጡ ቀጥኖ ነበር ወይም ዳቦው ገና አልበረደም። ቂጡን በጣት መታ መታ ማድረግም ይረዳል፤ እንደ ከበሮ ክፍት ድምፅ ከሰጠ ጥሩ ነው።

ማሽተት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ቅጠሉ እንደተላጠ ቅርፊቱ፣ አንዴ እንደተቆረሰ ውስጡ። ከቅርፊቱ የሚፈለገው የኮባው ሽታ ነው፤ ዝናብ ነክቶት የደረቀ ሣርን ያስታውሳል። ይህ ሽታ ከጭስ ሽታ ጋር እንዳይምታታ መጠንቀቅ ይገባል። የኩበት ጭስ ከባድ ነው፣ ቅርፊቱ ላይ ይቀራል፣ ውስጡ አይገባም፤ የኮባው መዓዛ ግን ቀለል ብሎ ከቅርፊቱ አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ ዘልቆ ይገኛል። የሚያጠራጥር ከሆነ ከቅርፊቱ ሥር ያለችው ቁራሽ ብቻዋን ትሽተት። ከውስጡ የሚጠበቀው የስንዴና የእርሾ ሽታ ነው። ጠላ ጠላ የሚል ከሆነ ቡሖው ከመጠን በላይ ቆይቷል።

በቤቱ ሽማግሌ ወይም ቄስ ካሉ ባርከው ይቆርሳሉ። መዛኙ ከመሐል እስከ ዳር የሚደርስ አንድ ቁራሽ ይጠይቅ፤ የዳሩ ብቻ ወይም የመሐሉ ብቻ ስለ ዳቦው ሙሉ ነገር አይናገርም። በቁራሹ ላይ ቀዳዳዎቹ ትንንሽና ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። ከላይ በኩል አንድ ትልቅ ዋሻ ካለ ሊጡ ቸኩሎ ነፍቷል፤ በከፍታ ቦታ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ቡሖ ቶሎ ኩፍ ይላል፣ ይህም ስህተት በደጋው ይዘወተራል። ከቂጡ በላይ ግራጫ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ቀዳዳ የሌለው ንጣፍ ከታየ እውነተኛው ጥሬነት ይህ ነው፤ ዳቦው ቢያድርም አይጠፋም። በአውራ ጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ ውስጥ የበሰለ ነው፤ ጎድጉዶ የሚቀር ገና ነው።

ለመቅመስ አፍ በውሃ ይታጠባል። ሻይም ሆነ ወጥ አይቀርብም፣ በርበሬማ ከነጭራሹ አይታሰብም። መጀመሪያ ከመሐል፣ ቀጥሎ ከቅርፊቱ ሥር፣ መጨረሻ ከነቅርፊቱ ይቀመሳል፤ በየመካከሉም ትንሽ ውሃ። መሐሉ ስንዴው ይጥም አይጥም እንደሆነ ይናገራል፤ በዝግታ ሲታኘክ ጣፈጥ ማለት ይጀምራል፣ ካልጀመረ ዱቄቱ ያረጀ ሊሆን ይችላል። ቅርፊቱ ጨውን፣ ቅመሙንና ቅጠሉን ያሳያል። ጥቁር አዝሙድ በቁንጥር ሲሆን ያደምቃል፤ በእፍኝ ሲሆን ኮባውን ይቀብረዋል። ኮረሪማ ሲጨመርማ ቅጠሉ ከነአካቴው ይጠፋል። በጸሐፊው እምነት የኮባ ድፎ ከጥቁር አዝሙድና ከጨው ሌላ ቅመም አይሻም፤ በዚህ የማይስማሙ ጥሩ ጋጋሪዎች መኖራቸውም የታወቀ ነው። ከዋጡ በኋላ ምላስ ላይ የሚቀረው ለስላሳ ኮምጣጣነት መልካም ነው፤ መራራነት ከቀረ ከአረረው ቅጠል ተነክቷል።

ኮባ በማይገኝበት አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን በረዶ ቤት ያደረ የሙዝ ቅጠል ከእስያ ሸቀጥ መደብሮች ገዝተው ይጠቀማሉ። ሙዝና እንሰት የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ስለሆኑ እንፋሎቱን ያምቃል፣ መስመሩንም ያትማል። ሆኖም በረዶ የነካው ቅጠል ሲፈታ ውሃ ስለሚያወጣ ሳይደርቅ ከተዘረጋ ቂጡን ያረጥባል። በፎይል የተጋገረ ድፎ ደግሞ መዓዛም መስመርም የለውም፤ ከኮባው ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም።

የመጨረሻው ፈተና በሁለተኛው ቀን ነው። የተረፈው ግማሽ በራሱ ቅጠል ተሸፍኖ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ያድርና በማግስቱ በዚያው ቅደም ተከተል እንደገና ይቀመሳል። በደካማ እሳት የተጋገረው ይከብዳል፣ ይኮመጥጣልም። በበዛ እሳት የተጋገረው ይፈረፈራል። በሚገባ የተጋገረው ቅርፊቱ ትንሽ ጠንከር ብሎ ውስጡ እንደ ትናንቱ ይቆያል፤ የኮባውም ሽታ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ወደ መሐሉ ገብቶ ይገኛል።