አዛውንት በቫይረስ ታመው ሆስፒታል ሲገቡ፦ ከዕድሜ ይልቅ አቅም

ሁለት አዛውንት በአንድ ቀን በኢንፍሉዌንዛ ታመው ሆስፒታል ገቡ እንበል። አንደኛው የ82 ዓመት አባት ናቸው። እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ደርሰው ይመለሱ፣ የጡረታ ገንዘባቸውንም ራሳቸው ወጥተው ይቀበሉ ነበር። ሌላዋ የ68 ዓመት እናት ናቸው። ስኳርና የልብ ድካም አለባቸው፤ ካለፈው ክረምት ወዲህ ልብሳቸው ሰፍቷቸዋል፤ ከወንበር ሲነሡም ክንዱን ተመርኩዘው ነው። ካርዱ ላይ የተጻፈውን ዕድሜ ብቻ ያየ ሰው ለአባትየው ይጨነቃል። ልምድ ያለው ሐኪም ግን ይበልጥ የሚሰጋው ለእናትየው ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ልብ፣ ሳንባ፣ ኩላሊትና ጡንቻ ለዕለት ኑሮ ከሚያስፈልጋቸው በላይ ትርፍ አቅም አላቸው። ወጣት ሰው ትኩሳት ሲይዘው ልቡ ፈጥኖ ይመታል፣ ትንፋሹ ይበረታል፤ ሲሻለው ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል። ዕድሜ ሲገፋና በሽታ ሲደራረብ ግን ይህ ትርፍ ቀስ በቀስ ይመናመናል። ሙሉ ጎተራና ሊያልቅ የደረሰ ጎተራ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ የሚለዩት ክፉ ቀን ሲመጣ ነው። ቤት ውስጥ ደህና የሚመስሉ አዛውንት በአንድ ጉንፋን አልጋ ላይ የሚቀሩትም ለዚህ ነው።

የአቅም መመናመን በዓይን የሚታዩ ምልክቶች አሉት። በ2001 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካዊቷ ሐኪም ሊንዳ ፍሪድና ባልደረቦቻቸው አምስቱን ለይተው አስቀምጠዋል፦ ሳያስቡት ክብደት መቀነስ፣ ሁልጊዜ ድካም ድካም ማለት፣ የእጅ ጭብጥ መላላት፣ እርምጃ መዘግየት እና እንቅስቃሴ መቀነስ። ሦስቱ ወይም ከዚያ በላይ የታዩበት ሰው አቅሙ ተመናምኗል ይባላል። አንድ ወይም ሁለት ያሉበት ደግሞ ወደዚያው እያመራ ነው።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ግን በትንፋሽ እጥረት የተያዘን ሰው ተነሥተህ ተራመድ ማለት አይቻልም። ስለዚህ ብዙ ሆስፒታሎች በካናዳዋ ሃሊፋክስ ከተማ የሚሠሩት ሐኪም ኬኔት ሮክዉድና ባልደረቦቻቸው በ2005 ያወጡትን፣ በኋላም ያሻሻሉትን መለኪያ ይጠቀማሉ። መለኪያው ከ1 እስከ 9 ይሄዳል። 1 ለዕድሜው በጣም ብርቱ የሆነ ሰው ነው። 5 ላይ ያለው ለገንዘብ ጉዳይ፣ ለትራንስፖርትና ለከባድ የቤት ሥራ ሰው ያስፈልገዋል። 6 ላይ ያለው ከቤት ለመውጣት፣ ብዙ ጊዜም ገላውን ለመታጠብ ይታገዛል። 7 ላይ ያለው ለግል ንጽሕናው ሁሉ የሰው እጅ ይጠብቃል። 9 በሌላ በሽታ ምክንያት የቀረው ዕድሜ አጭር መሆኑ የታወቀ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ደረጃው የሚሰጠው ታማሚው ዛሬ አልጋ ላይ ባለበት ሁኔታ አለመሆኑ ነው። የሚጠየቀው ሕመሙ ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት በፊት ምን ይሠሩ እንደነበር ነው። ይህን ደግሞ ታማሚው ራሳቸው ሊናገሩ ካልቻሉ የሚያውቀው አስታማሚው ብቻ ነው። «ደህና ነበሩ» የሚል መልስ ለሐኪሙ ብዙም አይጠቅመውም። «ደረጃ ይወጡ ነበር፣ መድኃኒታቸውን ራሳቸው ይወስዱ ነበር፣ ለመታጠብ ግን ልጃቸው ትረዳቸው ነበር» የሚል መልስ የሕክምናውን መንገድ ሊቀይር ይችላል።

በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ይህን በግልጽ አሳይቷል። በብሪታንያና በጣሊያን በሚገኙ 11 ሆስፒታሎች ኮቪድ ይዟቸው የተኙ 1,564 ሰዎች ሁኔታ ተጠንቶ ነበር። ግማሽ ያህሉ አቅማቸው የተመናመነ ነበሩ፤ ከጠቅላላዎቹ ከመቶ 27ቱ ሞተዋል። አጥኚዎቹ የደረሱበት መደምደሚያ፣ የታማሚውን ዕጣ ከዕድሜም ሆነ ከተጓዳኝ በሽታዎች በተሻለ የሚጠቁመው የአቅም ደረጃው መሆኑን ነው።

ይህ ማለት ግን ነባር በሽታዎች አያሳስቡም ማለት አይደለም። ቫይረስ ሳንባ ላይ ብቻ አያርፍም፤ ተኝቶ የነበረውን በሽታም ሊቀሰቅስ ይችላል። በካናዳዋ ኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ተሠርቶ በ2018 የታተመ ጥናት፣ ኢንፍሉዌንዛ በላቦራቶሪ ከተረጋገጠ በኋላ ባሉት ሰባት ቀናት በድንገተኛ የልብ ሕመም የመያዝ አደጋ በስድስት እጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳይቷል። ሰውነት ከቫይረሱ ጋር ሲታገል የሚፈጠረው ብግነት ደምን ለመርጋት ያዘጋጀዋል፣ ልብንም በፍጥነት እንዲሠራ ያስገድደዋል።

ስኳርም እንዲሁ ነው። ኢንፌክሽን በራሱ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። በብርቱ ኮቪድ ኦክስጅን ለሚያስፈልጋቸው ታማሚዎች ሕይወት አዳኝ መሆኑ በሰኔ 2020 በብሪታንያ የተረጋገጠው ዴክሳሜታሶን የተባለው መድኃኒትም ስኳሩን ይበልጥ ያንረዋል። ስለዚህ በኪኒን ብቻ ይቆጣጠሩ የነበሩ ሰው ለጥቂት ቀናት ኢንሱሊን ሲወጉ ቤተሰብ መደንገጥ የለበትም።

ኩላሊት ደግሞ የሚጎዳው ከፈሳሽ እጥረት ነው። ያተኮሳቸውና ምግብና መጠጥ የጠላቸው አዛውንት ውሃ የሚያሸና መድኃኒትና አንዳንድ የደም ግፊት ኪኒኖችን እንደ ወትሮው ከቀጠሉ፣ በዚያ ላይ አይቡፕሮፌን ከጨመሩበት ኩላሊታቸው ሊቆም ይችላል። የትኛው ለጊዜው ይቁም፣ የትኛው ይቀጥል የሚለውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ለመወሰን ግን ማየት አለበት። ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ከጎረቤት የተገኘውንም ጭምር፣ በአንድ ፌስታል ጠቅልሎ ይዞ መሄድ «የግፊት ክኒን ነው፣ ነጭ ነው» ከማለት እጅግ ይሻላል።

ብዙ ቤተሰብ «ግሉኮስ ይሰካላቸው» ብሎ ሲለምን ይሰማል። ፈሳሽ ያጠረው ሰው በእርግጥ ይጠቀማል። ልቡ ለደከመ ሰው ግን ያለ ልክ የገባ ፈሳሽ ሳንባው ውስጥ ይጠራቀምና ትንፋሽ ያጥረዋል። ሐኪሙ አልሰካም ሲል ችላ ብሎ ላይሆን ይችላል። ምክንያቱን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ መጨቃጨቁ ግን አይጠቅምም።

አቅማቸው የተመናመነ አዛውንት ሲታመሙ ሕመሙ ራሱ መልኩን ይቀይራል። ትኩሳት ላይኖራቸው፣ ላያስሉም ይችላሉ። ይልቁንም ምግብ ይተዋሉ፣ ይወድቃሉ፣ ወይም በድንገት አእምሯቸው ይዘበራረቃል። በ2020 በአሜሪካ ድንገተኛ ክፍሎች ኮቪድ ከተገኘባቸው 817 አዛውንት መካከል ከመቶ 28ቱ ሲመጡ እንዲህ ያለ መዘበራረቅ ነበረባቸው። ከእነዚህም ከሦስቱ ከአንዱ በላይ የሚሆኑት እንደ ትኩሳትና የትንፋሽ እጥረት ያሉ የተለመዱ ምልክቶች አልነበሯቸውም።

ይህን ለይቶ ማወቅ ያሻል። በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ የሚመጣው የመርሳት በሽታ አንድ ነገር ነው። ትናንት ልጆቻቸውን በስም ይጠሩ የነበሩ እናት ዛሬ ማታ ክፍሉን የገዛ ቤታቸው አድርገው ካዩ፣ ክንዳቸው ላይ የተሰካውን መርፌ ከነቀሉ፣ ጠዋት ደግሞ ረጋ ካሉ ግን ይህ ሌላ ነው። «ጃጁ» ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ለነርሷ ወይም ለሐኪሙ ወዲያው መናገር ያስፈልጋል። ከስሩ የኦክስጅን ማነስ፣ የሽንት መቆም፣ የሆድ ድርቀት፣ የስኳር መውረድ ወይም የመድኃኒት ጠንቅ ሊኖር ይችላል። መነጽራቸውን ማድረግ፣ የመስሚያ መሣሪያቸውን መልሶ መሰካት፣ ቀን መጋረጃውን መክፈት፣ ሌሊት እንዲተኙ ማድረግና የሚያውቁት ድምፅ አጠገባቸው መኖሩ ከማስተኛ ኪኒን የተሻለ መድኃኒት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጠላት አልጋው ነው። በ2007 በታተመ አንድ ጥናት፣ ዕድሜያቸው በአማካይ 67 ዓመት የሆነ ጤነኛ ሰዎች ለ10 ቀናት ብቻ አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ ነበር። ከእግራቸው ብቻ አንድ ኪሎ ያህል ጡንቻ አጥተዋል። እነዚህ ትኩሳት የሌላቸው፣ የሚመገቡ ሰዎች ነበሩ። በሽታ ላይ ያለ ሰው ከዚህም በላይ ያጣል። ስለዚህ ሐኪሙ ከፈቀደ ታማሚው ምግባቸውን አልጋ ላይ ተኝተው ሳይሆን ወንበር ላይ ተቀምጠው ይብሉ፤ ተደግፈውም ቢሆን እስከ መጸዳጃ ቤት ይራመዱ። ለአክብሮት ብሎ ሁሉን ነገር የሚሠራላቸው፣ ማንኪያውን እንኳ ከእጃቸው የሚቀበል አስታማሚ ሳያውቅ አቅማቸውን ይወስዳል።

ምግቡም ይታሰብበት። የሚጠፋውን ጡንቻ ለመተካት ፕሮቲን ያስፈልጋል። እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ በሐኪሙ ምክር ቢጨመሩ መልካም ነው። ጾም ከሆነና «አልፈታም» ካሉ የንስሐ አባታቸውን ማነጋገር ይጠቅማል፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ታዝናለች። እስልምናም ለበሽተኛ ጾምን ያነሣለታል። እስከዚያው ሽሮውና ምስር ወጡ ወፈር ብሎ፣ ጨው ቀንሶ፣ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ ይቅረብ።

የአቅም መለኪያው አደጋም አለው። በመጋቢት 2020 የብሪታንያ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በመጀመሪያ መመሪያው ይህንኑ መለኪያ ለጽኑ ሕሙማን ክፍል ውሳኔ አስገብቶት ነበር። የአካል ጉዳተኞች ተሟጋቾች ከተቃወሙ በኋላ በቀናት ውስጥ አረመው። መለኪያው የተሠራው ለአዛውንት ስለሆነ ለወጣቶች፣ ወይም ለረጅም ጊዜ በማይለወጥ የአካል ጉዳት ለሚኖሩ ሰዎች ሊውል እንደማይገባ ተገለጸ። ከፍ ያለ ቁጥር የተሰጠው ሰው ሕክምና አይገባውም ማለት አይደለም። ይልቁንም መተንፈሻ መሣሪያ ላይ መጫኑ ይጠቅመዋል ወይስ ያሠቃየዋል፣ ከተረፈ በኋላ ምን ዓይነት ኑሮ ይጠብቀዋል የሚሉትን ጥያቄዎች ቀድሞ ለመነጋገር ይረዳል። ይህን ደግሞ ከታማሚው ደብቆ በኮሪደር ላይ በሹክሹክታ ከመጨረስ፣ አእምሯቸው ንቁ ሳለ ራሳቸውን መጠየቅ ይበልጥ ክብር አለው።

ከሆስፒታል ሲወጡም ነገሩ አላለቀም። ኦክስጅን መነቀሉ ብቻ የመዳን ማስረጃ አይደለም፤ ወደ ቀድሞ አቅም መመለስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። መውጫ ወረቀቱ ላይ የቱ መድኃኒት እንደቆመ፣ የቱ እንደተቀየረ፣ ስኳርና ግፊቱ መቼ እንደሚታይ ተጽፎ መውጣት አለበት። ቤት ሲደርሱ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ በቀን ደጋግሞ መለማመድ እግርን ያበረታል። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በየዓመቱ በሚሰጥበት አገር ያሉ ወላጆች እንዲወስዱት ማድረግም ለሚቀጥለው ክረምት ከሁሉ ቀላሉ ጥንቃቄ ነው።