ባዶውን የማይጓዝ ሳጥን፦ የትልልቅ ማራገቢያ አካላት ከጋምቤላ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ

በጥጥ መዳመጫ ውስጥ ጥጡን ከቦታ ወደ ቦታ የሚያጓጉዘው ነፋስ ነው። የዘር ጥጡን ከመኪና ላይ ስቦ የሚያስገባው፣ በማድረቂያው ውስጥ የሚያሳልፈው፣ የተዳመጠውንም ወደ ማሸጊያው የሚያደርሰው ትልቁ ማራገቢያ ነው። በመሆኑም ማራገቢያው የቆመ ዕለት መዳመጫው ይቆማል፤ የመኪናው ሰልፍ ይረዝማል፤ የሠራተኛው ደመወዝ ግን መቁጠሩን አያቆምም። ሩዝ ማድረቂያና ዱቄት ፋብሪካም ከዚህ ጣጣ ነፃ አይደሉም።

ጉዳዩ ለጋምቤላ ክልል ሩቅ አይደለም። በአቦቦ የመንግሥት እርሻ ጥጥ ሲመረት ኖሯል። የአልዌሮ ግድብም በደርግ ዘመን የተገነባው ለዚያው አካባቢ የመስኖ እርሻ ታስቦ ነው። በኋላም የግል ባለሀብቶች ለሩዝና ለጥጥ ወደ ክልሉ ገብተዋል። እርሻ ባለበት ማድረቂያና መዳመጫ ይከተላል፤ እነዚህ ባሉበት ደግሞ ማራገቢያ አለ።

ኩሽኔታ መቀየርና ቺንጊያ ማጥበቅ በቦታው የሚያልቅ ሥራ ነው። ክንፎቹን የተሸከመው ተሽከርካሪ አካል፣ ማለትም ኢምፔለሩ፣ ሚዛኑን ሲስት ግን የሚዛን ማስተካከያ ማሽን ወዳለበት ወርክሾፕ መሄድ ሊኖርበት ይችላል። ወርክሾፑ አዲስ አበባ ከሆነ መንገዱ ወደ 770 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ጥያቄው እንግዲህ በምን ታሽጎ ይሂድ፣ በምንስ ታሽጎ ይመለስ የሚለው ነው።

የ24 ግራም ጉዳይ

ኢምፔለር ሲያዩት ወፍራም ብረት ስለሆነ መንገድ የሚጎዳው አይመስልም። ስሌቱ ግን ሌላ ይናገራል። 300 ኪሎ ግራም የሚመዝንና በደቂቃ 1,500 ጊዜ የሚዞር ኢምፔለር፣ ለማራገቢያዎች በተለመደው የሚዛን ደረጃ መሠረት፣ ከመሃሉ ግማሽ ሜትር ርቀት ላይ የሚፈቀድለት የሚዛን ልዩነት 24 ግራም ያህል ብቻ ነው። በዚያው ርቀት 100 ግራም ትርፍ ቢኖር፣ በእያንዳንዱ ዙር ኩሽኔታውን የሚደበድበው ጉልበት ከአንድ ኩንታል ክብደት በላይ ይሆናል። አንድ ክንፍ በጉዞ ላይ ተጋጭቶ ትንሽ ቢጎብጥ፣ ለሚዛን ማስተካከያ የተከፈለው ገንዘብ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው።

ጉዳቱ በግጭት ብቻ አይመጣም። ኩሽኔታ ሳይዞር ለረጅም ሰዓት ሲንቀጠቀጥ ኳሶቹ ወይም ሮለሮቹ በተቀመጡበት ቦታ ላይ ጠባሳ ይተዋሉ፤ ማሽኑ ሲነሳ ጩኸት የሚሰማው ከዚህ የተነሳ ሊሆን ይችላል። እርጥበትም አለ። ከ2,000 ሜትር ከፍታ አካባቢ ከምትገኘው ከጎሬ ተነስቶ ወደ 500 ሜትር ከፍታ ወደ ጋምቤላ የሚወርድ ብረት፣ ከደጋ ብርድ ወደ ቆላ ሙቀትና ወበቅ ሲገባ ላብ ያወጣል። በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከሆነ ላቡ መውጫ አጥቶ ዝገት ይሆናል።

ከወደቡ ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

የጋምቤላ ነጋዴ ስለ ደርሶ መልስ ጭነት ከማንም የሚማር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1902 በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመው ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ፈቀደ፤ ጋምቤላም የወደብና የጉምሩክ ከተማ ሆነች። በክረምት ወንዙ ሲሞላ የእንፋሎት ጀልባዎች ከሱዳን ጨውና ጨርቅ ይዘው ይመጡና የኢሉባቦርና የወለጋ ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ጀልባው በሁለቱም ጉዞ ጭነት ነበረው፤ ንግዱን ያቆመውም ይኸው ነው።

ያ የእንግሊዝ ይዞታ ሱዳን ነፃ በወጣችበት እ.ኤ.አ. በ1956 አበቃ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ማልኮም ማክሊን የተባለው የትራንስፖርት ባለሀብት 58 ኮንቴይነሮችን ከኒውርክ ወደ ሂውስተን በመርከብ ላከ። ዓለም ዛሬ የሚጠቀምበት የኮንቴይነር ንግድ ከዚያ ጉዞ ይቆጠራል። ኮንቴይነርን አትራፊ ያደረገው አንድ ጊዜ ተሠርቶ ብዙ ጊዜ መመላለሱ ነው፤ ትልቁ ራስ ምታቱም ባዶውን የሚመለስበት ጉዞ ነው። የቢራ ሳጥን የሚያከፋፍል ሁሉ ይህን ያውቃል።

የማራገቢያ ጥገና ግን ከዚህ ራስ ምታት ያመለጠ ነው። ሳጥኑ የተበላሸውን ይዞ ይሄዳል፤ ወርክሾፑ ውስጥ ይጠብቃል፤ የታደሰውን ይዞ ይመለሳል። የአውሮፕላን ሞተርም ለጥገና ሲመላለስ የሚጫነው ንዝረት በሚያበርድ ቋሚ መቀመጫ ላይ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጉዞ አዲስ ጣውላ አይመታለትም።

ሳጥኑ ምን ይምሰል?

ለዚህ ሥራ የሚሆነው በቱቦላሬ የተበየደ፣ ጎኑ በላሜራ ወይም በሸራ የሚሸፈን ማቀፊያ ነው። ዋናው ደንብ ክብደቱ በሻፍቱ ላይ እንጂ በክንፎቹ ወይም በዳር ክቡ ላይ እንዳያርፍ ነው። ሻፍቱ የሚቀመጥባቸው ሁለት ኮርቻዎች በቡሎን የሚፈቱና የሚንሸራተቱ ቢሆኑ አንዱ ሳጥን ለተለያየ መጠን ያገለግላል። በኮርቻውና በማቀፊያው መካከል ወፍራም ጎማ ይገባል፤ ሻፍቱ በጉዞ ላይ እንዳይዞር ይታሰራል። ኩሽኔታዎቹ ከተቻለ ተፈትተው ለብቻቸው ይላካሉ።

ሻፍቱ ግራሶ ይቀባል፤ እርጥበት የሚመጥ ከረጢትም ይጨመራል። የማቀፊያው ወለል ውሃ የሚያፈስ ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል። አራት የማንሻ ቀለበቶችና የፎርክሊፍት መግቢያ ይሠሩለታል። ጠቅላላ ክብደቱና የሚነሳበት ቦታ ጫኝና አውራጁ በሚያነበው ቋንቋ በቀለም ይጻፋል። ስፋቱም ቁመቱም ከ2.2 ሜትር ባይበልጥ ወደ መደበኛ ኮንቴይነር ይገባል። ጣውላ በቆላ አገር መጋዘን ከቆየ የምስጥ ቀለብ መሆኑም አይረሳ።

ሒሳቡ

የሚከተለው አኃዝ ለስሌት ማሳያ ብቻ የተወሰደ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ድርጅት በራሱ ዋጋ ሊተካው ይችላል። የጣውላ ሳጥን 15,000 ብር ቢያስወጣና ሲከፈት ቢሰባበር፣ ለአንድ ደርሶ መልስ ሁለት ሳጥን፣ ማለትም 30,000 ብር ይጠይቃል። የብረቱ ማቀፊያ ደግሞ 120,000 ብር ይፍጅ፤ በየዙሩ ለዕድሳት 4,000፣ ለተጨማሪ ክብደት ማጓጓዣ 3,000 ብር ይውጣበት። በእያንዳንዱ ዙር የሚተርፈው 23,000 ብር ነው። ዋጋውን በስድስተኛው ዙር መለሰ ማለት ነው።

ሳጥኑ በየዙሩ አንድ ጊዜ ባዶውን ቢጓዝና ለዚያ 12,000 ብር ቢከፈል ግን ትርፉ ወደ 11,000 ይወርዳል፤ ዋጋው የሚመለሰውም በ11ኛው ዙር ይሆናል። ስለዚህ የሳጥኑን ዕጣ የሚወስነው ከብረቱ ዋጋ ይልቅ ባዶ ጉዞው ነው።

በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ማራገቢያ የሚልክ መዳመጫ ስድስት ዓመት መጠበቅ አለበት፤ ለብቻው ከሆነ ላያዋጣው ይችላል። ሦስት ድርጅቶች በጋራ ቢገዙት ግን ሁለት ዓመት ይበቃል። በመካከላቸው የሚኖረው ባዶ ጉዞ በክልሉ ውስጥ የሚቀር አጭር መንገድ ነው። በአሥር ዓመት አንዴ ለሚልክ ደግሞ ጣውላው ይሻለዋል።

ማን ይጠይቃል?

የጋራ ንብረት ባለቤት ካጣ ጋራዥ ጥግ ዝጎ ይቀራል። ስለዚህ ሳጥኑ ቁጥር ይጻፍበት፤ የሚወስደው ድርጅት እንደ ጠርሙስ መያዣ ማስያዣ ገንዘብ ያስይዝ፤ የጭነት ሰነዱ ላይም ተመላሽ ንብረት መሆኑ ይመዝገብ። ከባድ ምት ሲደርስ ቀለሙን የሚቀይር ምልክት ቢለጠፍበት፣ ጉዳቱ በመንገድ ላይ ይሁን በወርክሾፕ ያለ ክርክር ይለያል። ሲጫንና ሲራገፍ ፎቶግራፍ ማንሳትም ወጪ የለውም።

ለዚህ ሁሉ የሚመቸው ጊዜ መዳመጫው ሥራ ያልጀመረበት ወቅት ነው። ጥጡ ደርሶ መኪናው በር ላይ ከተሰለፈ በኋላ ሳጥን የሚያሠራ ሰው፣ የሚከፍለው የሳጥኑን ዋጋ ብቻ አይሆንም።