ኢንፌክሽንና ኃይል
(የአንዳንድ የእንግሊዝኛ ቃላት ትርጉም)

በክፍል ውስጥም ሆነ በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ስለ በሽታ የሚናገሩ ብዙ የእንግሊዝኛ ቃላት እናነባለን። እኛ የሰቆጣ ልጆች ደግሞ ብዙዎቻችን ከኽምጣኛ ወደ አማርኛ፥ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ስለምንሻገር ቃሉ በመንገድ ላይ ትርጉሙን ሊጥል ይችላል። ትርጉሙን የጣለ ቃል ደግሞ መፍራት የማይገባንን ሰው ያስፈራናል። ስለዚህ ጥቂቶቹን በየተራ እንመልከት።

1ኛ/ ኢንፌክሽን፦ ሥሩ ላቲን ሲሆን መንከር፥ ማቅለም ማለት ነበር። ነጭ ጋቢ ቀለም ውስጥ ቢነከር ቀለሙ ከድሩም ከማጉም ይገባል። እንዲሁም ጀርም ወደ ሰውነት ገብቶ ሲራባ ኢንፌክሽን ይባላል። «ቁስሉ ኢንፌክሽን ሆነ» ስንል አመረቀዘ ማለታችን ነው፤ ነገር ግን ማመርቀዝ አንዱ ምልክት እንጂ ኢንፌክሽኑ ራሱ አይደለም። ጀርም የገባበት ሁሉ ሕመም አይሰማውም፤ የታመመም ሁሉ ጀርም የለበትም።

2ኛ/ ኮንቴጅየስ፦ «አብሮ መንካት» ከሚል ቃል የመጣ ነው፤ አማርኛው ተላላፊ ይለዋል። በእኛ ቋንቋ ሕግ የጣሰም «ሕግ ተላላፊ» ይባላል። እንግሊዝኛው ግን በሽታው ስለሚሄድበት መንገድ እንጂ ስለ በሽተኛው በደል አይናገርም።

3ኛ/ ቫይረስና ቫይሩለንት፦ ቫይረስ በላቲን መርዝ ማለት ነበር። ቫይሩለንት ማለት ጀርሙ የመጉዳት ኃይሉ የበረታ ማለት ነው። ይህ ከኮንቴጅየስ ይለያል። ጉንፋን በቀላሉ ይተላለፋል፥ ነገር ግን እምብዛም አይገድልም። የእብድ ውሻ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም ለማለት ይቻላል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን የሚተርፍ የለም ማለት ይቀላል።

4ኛ/ ኢንፍሉዌንዛና ኢንፍሉወንስ፦ ሁለቱም «ወደ ውስጥ መፍሰስ» ከሚል አንድ ሥር የወጡ ናቸው። ጥንት ኢጣልያኖች በሽታው ከከዋክብት ኃይል የሚፈስ ይመስላቸው ነበር። በአገራችን በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ የፈጀው የኅዳር በሽታ ይኸው ነው፤ ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። ምክንያቱ ግን ኮከብ ሳይሆን በትንፋሽ የሚተላለፍ ቫይረስ ነበር።

5ኛ/ ቨርቹ፦ ቫይረስን ቢመስልም ዘመዱ አይደለም። ሥሩ ወንድነት፥ ጀግንነት ማለት ሲሆን ዛሬ መልካም ምግባር ማለት ነው። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በሉቃስ ምዕራፍ 8፥ ደም ይፈሳት ስለ ነበረችው ሴት በሚናገረው ክፍል፥ የእኛው «ኃይል» በሚልበት ቦታ ቨርቹ ይላል። በዚያ ንባብ በመንካት የተላለፈው በሽታ ሳይሆን ፈውስ ነው።

6ኛ/ ፓወር፦ ሥሩ መቻል ማለት ነው። «ፓወር ያለው መድኃኒት» ስንል ማንን የሚችል ብለን እንጠይቅ። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይችለውም።

እነዚህን ቃላት ወደ አካባቢያችን እናምጣቸው። የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ፥ ማለትም የዓይን ማዝ፥ እጅግ ከተስፋፋባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በትራኮማ ኢንፌክሽኑ በብዛት የሚገኘው በሕፃናት ዓይን ነው፤ በጣት፥ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ በወረንጦ የሚነቅሉት እናት ግን የሚሠቃዩት ለዘመናት የተደጋገመው ኢንፌክሽን በተወው ጠባሳ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጀርሙ ዛሬ በዓይናቸው የለም። እንግዲህ እኚህን እናት መሸሽ ቃሉን አለማወቅ ነው። የሚገባን ለቀዶ ሕክምና እጃቸውን ይዘን መውሰድ ነው።

ከ2015 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. በሰቆጣ ከተማ፥ በሰቆጣ ዙሪያና በጋዝጊብላ ወረዳዎች አንድ ጥናት ተካሂዶ ነበር። ውኃ በቀረበባቸውና ፊት መታጠብ በተሰበከባቸው መንደሮች የሕፃናቱ ኢንፌክሽን ከሌሎቹ መንደሮች ያነሰ ሆኖ አልተገኘም። ይህ አትታጠቡ ማለት አይደለም፤ አንዱ ብቻውን አይችለውም ማለት ነው። ስለዚህ ቀዶ ሕክምና፥ መድኃኒት፥ የፊት ንጽሕናና የአካባቢ ጽዳት በአንድነት ይታዘዛሉ።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
ሀ/ በኢንፌክሽንና በሕመም መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
ለ/ ኮንቴጅየስ ሆኖ ቫይሩለንት ያልሆነ በሽታ ጥቀሱ።
ሐ/ በሰፈራችሁ ያለ ጥፋታቸው የሚሸሹ ሕሙማን አሉን? ምን ልታደርጉላቸው ትችላላችሁ?